ያልዞረው ሳህን

ሳን ሆአኪን፣ ኢሎኢሎ
የኖቬምበር መጨረሻ

ውድ ታላቅ ወንድሜ ማኖንግ ተርዮ፣

ከሁሉ በፊት እናታችን ናናይ ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤ በደረሰህ ቁጥር ሰላምታውን ዘለህ ወደ ታች እየወረድክ «ማን ሞተ?» የምትል ሰው ስለሆንክ ነው። ማንም አልሞተም። አክስቴ ኔኒንግ ደህና ናት፣ ምግብ ቤቷም አልተዘጋም፣ ውሻህም ያው እንደ ድሮው የፖስተኛውን ሱሪ ይጎትታል። ደህና መሆኑን የማናውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ይህን የምጽፍለት ወንድሜ ነው።

ደብዳቤው የት እንደሚያገኝህ አላውቅም። ማኒላ ወዳለው የመርከብ ወኪላችሁ ቢሮ ደውዬ ነበር። አንድ ትሑት ሰውዬ «ጽፈሽ ላኪልን፣ መርከቡ ወደሚደርስበት ወደብ እናስተላልፍልሻለን» አለኝ። «መቼ ነው የሚደርሰው?» ስለው ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማኝ። ቆይቶ «ምናልባት የሬዲዮ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» አለኝ። ከኦገስቱ አውሎ ነፋስ ወዲህ ስለ መርከባችሁ የሰማ ሰው የለም። ሬዲዮ መጠገን ይህን ሁሉ ጊዜ ይፈጃል እንዴ ማኖንግ? የአክስቴን ሬዲዮ በሹካና በሽቦ ከምሳ እስከ መክሰስ ጠግነህ የሰጠሃት አንተ አይደለህም? ይህን የምልህ ተቆጥቼ ነው። ስፈራ እንደምቆጣ ደግሞ ታውቃለህ።

የምጽፍልህ ስለ ናናይና ስለ ማርሴሎ ነው። ማርሴሎን አታውቀውም። አንተ በወጣህ በወሩ ገደማ የተወለደ ነው፤ ሲወለድ ግን ጢም ነበረው፣ የመርከበኛ ቦርሳም ተሸክሞ ነበር። በመጽሔቱ ላይ በየሳምንቱ የሚወጣው የናናይ አዲስ ልብ ወለድ ጀግና ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ያልበሰለ ማንጎ በዓሣ ድልህ እያጠቀሰ ሲበላ፣ ከዚያም ጥርሱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ሲጎረጉር ሳነብ፣ ምግብ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ «ይሄማ ተርዮ ነው!» ብሎ ጮኸ። ማታ ቤት ስነግራት ናናይ ሽምጥጥ አድርጋ ካደች። «ማንጎ የበላ ሁሉ የእኔ ልጅ ነው እንዴ?» አለች። ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር።

ዓርብ ዓርብ አሁንም ያው ነው። መጽሔቱ ከከተማ በሾፌሩ በኢስኮ አውቶቡስ ይመጣል፣ ዓሣ ሻጮቹና ልብስ ሰፊዋ በአክስቴ ምግብ ቤት ገበታ ይዘው ይቀመጣሉ፣ እኔ ቆሜ አነባለሁ። አንተ ሳለህ የአንተ ሥራ ነበር፤ ለእኔ ጥለህልኝ ሄድክ። ናናይ አትመጣም። የጻፈችው በሰው ፊት ሲነበብ መስማት ታፍራለች። እኛ ሳንወለድ ጀምሮ በገዛ ቋንቋችን የምትጽፍ ሴት፣ ማኒላ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ የለም፤ እዚህ ፓናይ ደሴት ላይና ማዶ ኔግሮስ ግን የሸንኮራ ቆራጭ ሚስቶች የልጆቻቸውን ስም ከእሷ ታሪክ ያወጣሉ። እሷ ግን አሁንም የምትጽፈው ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነው፤ በሌላው ጫፍ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

መርከባችሁ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ የማርሴሎም መርከብ ቆመ። ሞተሩ ተበላሸና ባሕር መሃል ቀረ። ነፋስ የለም፣ ማዕበል የለም፣ የሌላ መርከብ ጭስ እንኳ አይታይም። ማርሴሎ የመርከቡን ወለል ያጥባል፣ ካልሲውን ይጥፋል፣ ድንች ይልጣል። በሚቀጥለው ሳምንትም ድንች ይልጣል።

«ዛሬም ድንች?» አለ አንድ ዓርብ ኢስኮ፣ አውቶቡሱን አቁሞ ሾርባውን እየጠጣ። «ይህ ልጅ እስካሁን የላጠው ድንች እኮ ለደሴቱ ሁሉ ይበቃል!»

«ምናለ አንድ ነገር እንኳ ቢገጥመው!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ቢላዋው ጣቱን ጫር ቢያደርገው እንኳ።»

«አፍሽን ያዥ!» አለቻት አክስቴ ኔኒንግ። «ጣቱን እንዳትነኪ!»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ናናይ ባሕሩን ያስተኛችው አንተን ነፋስ እንዳይነካህ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወደ ጓሮ ስትወጣ እየሰረቅኩ አነብ ጀመር። «ደመና» የሚል ቃል ሳይ ወረቀቱን ትቼ ወደ ሽንኩርቴ እመለስ ነበር። ሞኝነት ነው አትበለኝ። አንተም እዚህ ብትሆን እንደዚያው ትሆን ነበር።

የሙታን ቀን መጣ። የአባታችንን መቃብር ጠርገን፣ አበባ አኑረን፣ ሻማ አብርተን፣ ያመጣነውን ሩዝ በልተን ልንመለስ ስንል አክስቴ ከቅርጫቷ አንድ የተረፈ ሻማ አወጣችና ወደ ትልቁ መስቀል ሄደች። ሩቅ አገር ለሞቱና መቃብራቸው ለማይታወቅ ሰዎች ሻማ የሚበራበትን መስቀል ታውቀዋለህ። ናናይ ተከተለቻት።

«ለማን ነው ኔኒንግ?»

«ባሕር ላይ ላሉት ሁሉ ነው።»

«ሁሉ ማለት ማን ነው?»

«ፓሲታ፣ ጸሎት እኮ አይጎዳም።»

«ጸሎት አይጎዳም፤ ይህ ሻማ ግን ይጎዳል» አለች ናናይ፤ እሳቱንም በሁለት ጣቶቿ ቆንጥጣ አጠፋችው። እስከ ቤት ድረስ እህትማማቾቹ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ማታ ጣቶቿን ቅባት ስቀባላት እንኳ አላቃሰተችም።

በዚያው ሳምንት ከመጽሔቱ አዘጋጅ ቴሌግራም መጣ። ልብ ወለዱ በቀጣዩ እትም ይጠናቀቅ፣ በቦታው የሌላ ደራሲ ታሪክ ይጀምራል የሚል ነው። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ አንባቢ ድንች ሰለቸው። ናናይ ቴሌግራሙን አነበበችና ከማብሰያው ድንጋይ ሥር አደረገችው። ረቡዕ የኢስኮ አውቶቡስ የመጨረሻውን ክፍል ይዞ መሄድ ነበረበት፤ እሷ ግን ብዕር አላነሣችም። እንዴት ታንሣ? ማርሴሎን ብትገድለው በገዛ እጇ አንተን የቀበረች ይመስላታል። ወደ ቤቱ ብትመልሰው ደግሞ አንተ ሳትመለስ እሱን ተቀብላ እንዴት ትኖራለች? ሁለቱም አስፈሩኝ። ሁለተኛው እንዲያውም ባሰብኝ፤ በየቀኑ ለአንተ አልጋ ስታነጥፍ፣ በር ላይ ቆማ መንገድ መንገድ ስታይ በዓይኔ ይታየኝ ጀመር።

በዚህ መሃል አንድ እንግዳ መጣብን። መምህር ሃላንዶኒ ይባላል፤ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ነው። የቋንቋችን ደራስያን ማኅበር በጃንዋሪ ናናይን ሊሸልማት አስቧል፤ እሱም ስለ ደሴቶቻችን ስመ ጥር ደራስያን በሚያዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ሊያስገባት ፈልጎ ነው የመጣው። ናናይ የዓሣ ቅርፊት እየላጠች ነበር፤ እሱ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ለሥነ ጽሑፋችን አበረከትኩ የሚሉት ምንድን ነው?» አላት፣ እርሳሱን አሹሎ።

«ዓርብን።»

«ምን አሉኝ?»

«ዓርብን ነዋ። ከእኔ በፊት እዚህ ከተማ ዓርብ ሥጋ የማይበላበት ቀን ብቻ ነበር። አሁን የሚጠበቅ ቀን ሆኗል።»

ሳቀና ጻፈው። ጥሩ ልጅ ነው፤ የናናይን ታሪኮች አንዱንም ሳይቀር አንብቧቸዋል፣ ከእኔ በላይ ያስታውሳቸዋል። ችግሩ የመጣው ሾርባ ቀርቦለት አፉን ሲፈታ ነው።

«አንድ ነገር ልበልዎት ማናንግ። ማርሴሎ መሞት አለበት ባይ ነኝ። ታላላቅ ደራስያኖቻችንን ይመልከቱ፤ ጀግናውን ያልገደለ የለም። አንዱ ያስረሽነዋል፣ አንዱ ወንዝ ውስጥ ያስቀረዋል፣ ሌላዋ በሳንባ በሽታ ትጨርሰዋለች። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚያለቅስላቸው፣ ታሪካቸውም ያልጠፋው ለዚህ ነው።»

ናናይ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ልጅ አለህ?»

«የለኝም፤ ገና አላገባሁም።»

«እንግዲያው ሾርባህን ጠጣ።»

ስለ አንተ የነገረው ሰው አልነበረም። አክስቴ በር ላይ ጠብቃ ስትነግረው ደንግጦ ጃንጥላውን እንኳ ረስቶ ሄደ። ጃንጥላው አሁንም እኛ ቤት ነው፤ ስትመጣ አንተ ትመልስለታለህ።

እሱ እንደሄደ ናናይ ከጠረጴዛው አልተነሣችም። ባዶው ወረቀት ፊቷ ነበር። እኔም የቆጡን የባጡን መቀባጠር ጀመርኩ። ማርሴሎ ደብዳቤ ቢጽፍስ፣ ደሴት ላይ ቢያርፍስ፣ ዓሣ አጥማጆች ቢያገኙትስ አልኳት። ሰማችኝና «ሳህን አልነበረኝም» አለች።

«ምን?»

«ልጄ ተርዮ የሄደ ዕለት። አውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ ሁላችሁም ቁርስ ላይ ነበራችሁ። እሱ ምግቡን አፉ ውስጥ እንደያዘ ተነሣ። አንቺ ሳህንሽን አዞርሽ፣ ኔኒንግም አዞረች። ሰው ገበታ ሳይነሣ ተነሥቶ ከሄደ የቀሩት ሳህናቸውን ካላዞሩለት መንገድ ላይ ክፉ ያገኘዋል፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? እኔ ግን ልጽፍ ነው ብዬ አልበላሁም ነበር። የሳምንቱ ክፍል በዚያው አውቶቡስ መሄድ ስለነበረበት አጎንብሼ የመጨረሻውን ገጽ እጽፍ ነበር። የማዞረው ሳህን አልነበረኝም። እንደ ወጉ ለምርቃት እጁን ዘርግቶ እጄን ግንባሩ ላይ ሲያስነካ እንኳ ብዕሩን አላስቀመጥኩም።»

ማኖንግ፣ ምን ልበላት? እሷ በወረቀት ሰው ስታዋድድና ስታጣላ የኖረች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ታምናለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ግን ወራት ሙሉ ይህንን ብቻ ስታመነዥክ ኖራለች። ለካ ድምፅህ ከጠፋ ወዲህ በጎረሰች ቁጥር ምግብ የሚያንቃት ለዚህ ነው። «የእኔና የአክስቴ ዞሯል፣ ይበቃል» አልኳት። «የእናት አይቆጠርም ማለት ነው?» አለችኝና እንባዋ መጣ። አብሬያት አለቀስኩ። አንተንም ረገምኩህ፤ አንድ ፖስትካርድ፣ አንዲት መስመር፣ «አለሁ» የምትል ብቻ፣ እሷን መላክ ያቅታል?

ረቡዕ ጠዋት ስነሣ ስትጽፍ አገኘኋት። ምን እንደሆነ አላሳየችኝም፤ ክንዷን በወረቀቱ ዙሪያ አድርጋ ነበር። የኢስኮ አውቶቡስ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ጥሩምባ ነፋ። ናናይ ቀና አላለችም። ደግሞ ነፋ።

«ማናንግ ፓሲታ!» ብሎ ጮኸ ኢስኮ። «የገበያ ሰዓት አለፈብን እኮ!»

«ዝም በል አንተ!» አለች አንዲት ሴት ከመስኮት ብቅ ብላ። «አስቸኩለሃቸው ቢገድሉት በአንተ ነው የምናላክከው!»

«እኔ ምን አደረግኩ? የቸኮለው ዓሣው ነው፤ ይሸታል!»

«ይሽተት! ዓሣ ነገም ይጠመዳል» አለ ጣሪያው ላይ ከቅርጫቶቹ መሃል የተቀመጠ ሽማግሌ። «ማርሴሎ ይመለስና ያቺን ከመሄዱ በፊት የወደዳትን የፋርማሲዋን ልጅ ያግባ!»

«የፋርማሲዋ ልጅማ አትሆነውም፤ ኩራቷን ማን ይችለዋል!»

እዚያው ተጨቃጨቁ። ግማሹ ይሙት፣ ግማሹ ይኑር አለ፤ የይሙት ባዮቹ ደግሞ ለቅሶ የሚወዱት ናቸው። እኔ የበሩን መቃን ተደግፌ ቆምኩ። እነሱ የሚከራከሩት ስለ ማርሴሎ ነው፤ እኔ የምሰማው ስለ አንተ ነበር። አንድም ሰው ግን ኢስኮን ሂድ አላለውም፤ እሱም ሞተሩን አጥፍቶ ሲጋራውን ለኮሰ። ቆይታ ቆይታ ናናይ ወጣች። ፖስታውን በሩዝ አጣብቃዋለች። ለኢስኮ ሰጠችው፣ ኢስኮም ኮፍያውን አውልቆ ተቀበለ። ምን አደረግሽው ብዬ ልጠይቃት ጠጋ አልኩ። አይታኝ «የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ታነቢዋለሽ» አለችና ወደ ጓሮ ሄደች።

ያን ዓርብ እስኪደርስ እንዴት እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ውሻህ በጮኸ ቁጥር ፖስተኛው ነው ብዬ እሮጣለሁ። ሬዲዮ ላይ መርከብ የሚል ቃል ከሰማሁ ቆሜ እቀራለሁ። ሩዝ አሳርሬ አክስቴ ሰደበችኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ዕጣህን በገዛ አፌ ለሰው ሁሉ የማነብ እኔ መሆኔ ነበር። አመመኝ ብዬ ልቀር አስቤ ነበር። ግን ማን ያነበው ነበር? ልብስ ሰፊዋ ብታነበው በየመስመሩ ታለቅሳለች።

ዓርብ ምግብ ቤቱ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል። መጽሔቱን ገልጬ ቆምኩ። መርከቡን ፈለግኩት፤ የለም። ድንችም የለም። ናናይ ወደ ኋላ ተመልሳ ማርሴሎ ከቤቱ የወጣበትን ጠዋት ጽፋዋለች። እናቱ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ አጎንብሳ ልብስ ትሰፋለች፤ ፊቷ ሳህን የለም። አውቶቡሱ ጥሩምባ ይነፋል። ማርሴሎ ምግቡን አፉ ውስጥ እንደያዘ ይነሣል፣ እህቱና አክስቱ ሳህናቸውን ያዞሩለታል። እናትየዋ «ቆይ» ትለዋለች። መርፌዋን ታስቀምጣለች። ከመደርደሪያው ሳህን ታወርዳለች፣ ትኩስ ሩዝ ትጨልፋለች፣ ደረቅ ዓሣ ታደርግበታለች፣ ትቀመጣለች፣ አንድ ጉርሻ ትበላለች። አውቶቡሱ ደግሞ ይነፋል። አትቸኩልም። ጉርሻዋን ውጣ፣ ልጇን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ ታዞረዋለች። «አሁን ሂድ» ትለዋለች። የመጨረሻዋ መስመር «አውቶቡሱም ጠበቃት» የምትል ናት። ከሥሯ «ተፈጸመ» ይላል።

መጽሔቱን አጠፍኩት።

«ታዲያ ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም?» አለ በር ላይ የቆመ አንድ ሰው።

አክስቴ ኔኒንግ ከማብሰያዋ ጎን የነበረውን የራሷን ሳህን ሳበችና ቀስ አድርጋ አዞረችው። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ አዞረች። ከዚያ ዓሣ ሻጮቹ፣ ከዚያ ሁሉም፤ ሳህኑ በጠረጴዛው እንጨት ላይ ሲፋቅ በየጥጉ ይሰማ ነበር። ከተቀመጡት አንድም ተነሥቶ የሄደ አልነበረም። የሄደው አንተ ነህ። ኢስኮ ምግቡን ጨርሶ ሳህኑ ተነሥቶለት ስለነበር ባዶ ጠረጴዛውን አየና «ኔኒንግ፣ ለእኔም ሩዝ ጨምሪልኝ» አለ። «ጠገብኩ ብለህ አልነበር?» አለችው። «ልበላው አይደለም፣ ልሞት ነው እንዴ! ላዞረው ነው» አላት። እኔ መጽሔቱን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ ናናይ ማዕድ ቤት ቆማ ነበር።

«አነበብሽላቸው?»

«አነበብኩላቸው።»

«ምን አሉ?»

«አዞሩ» አልኳት።

«ማን?»

«ሁሉም። ኢስኮ ሳይቀር።»

ከመደርደሪያው ሳህን አወረደች፣ ሩዝ ጨለፈች፣ ተቀመጠች። አንድ ጉርሻ በላች፤ አላነቃትም። ከዚያ ሳህኗን አዞረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ደህና ትበላለች፤ ፊቷም መለስ ብሏል። ትናንት ከኔግሮስ አንዲት ሴት ጽፋላታለች፤ የእሷም ልጅ አንተ ያለህበት መርከብ ላይ ነው። ማርሴሎን እንደ ልጇ አድርጋ ስታነብ ኖራ አሁን በየምግቡ ሳህኗን ታዞራለች። ናናይ ደብዳቤውን አንብባ «እንግዲህ መምህሩን ከዓርብ ቀጥሎ ይህንንም ጻፈው በዪው» አለችኝ። አዘጋጁም አዲስ ታሪክ ጀምሪ ብሏታል። ጀግናው ዳቦ ጋጋሪ ይሆናል፣ ከቤቱ አንድ እርምጃ አይወጣም ትላለች፤ ግን አንተ ሳትመጣ አልጀምርም ብላለች።

እኔ አሁንም እፈራለሁ ማኖንግ። ሳህን ማዞር መርከብ እንደማይመልስ አውቃለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ለወኪሉ ቢሮ ልኬ ተመልሶ እንዳይመጣ እፈራለሁ። ከደረሰህ ግን፣ የትም ወደብ ሁን፣ አንዲት መስመር ጻፍልን። መጻፍ ቢሰለችህ ባዶ ፖስታ ላክ፤ የእጅ ጽሕፈትህን አድራሻው ላይ ካየን ይበቃናል። ስትመጣም ዓርብ ዓርብ የምታነበው አንተ ነህ፤ እኔ ከዚህ በኋላ ልቤ አይችልም።

ናናይ ገበታ በቀረበ ቁጥር ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ፣ ስምህን ጠርታ፣ ቀስ እያለች ነው የምታዞረው። እሷ ሳትጨርስ ደግሞ ማንም አይጎርስም። እባክህ ቶሎ ና፤ ሩዙ በየቀኑ እየቀዘቀዘብን ነው።

ታናሽ እህትህ
ፔርሊታ